መርፌና ደም ሲያዩ ራስን መሳት፦ «ዘና በይ» የሚለው ምክር ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ «የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ መርፌ ስወጋ ወይም ደም ሳይ ላብ ያጠምቀኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል፤ አራት ጊዜ ያህል ራሴን ስቼ ወድቄአለሁ። አባቴም እንደዚሁ ነው፤ ለበዓል በግ ሲታረድ እንኳ ከግቢ ይወጣል። በእርግዝና ክትትሌ የታዘዘልኝን የደም ምርመራ ሁለት ጊዜ ሳልሰጥ ከላቦራቶሪው በር ተመልሻለሁ፤ ለባለቤቴ ግን ተመርምሬአለሁ ብዬዋለሁ። ሁሉም ‹ዘና በይ፣ በረጅሙ ተንፍሺ› ይሉኛል። እንደዚያ ሳደርግ ጭራሽ ይብስብኛል። ይህ ነገር ከየት የመጣ ነው? ይድናል?»

ምላሽ፦

ከጻፉት ሁሉ ለሕክምናው ትልቁን ፍንጭ የያዘው «እንደዚያ ሳደርግ ጭራሽ ይብስብኛል» የሚለው ቃልዎ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሲናገሩ ምክር እንደማይሰሙ ይቆጠርባቸዋል፤ እርስዎ ግን ሰውነትዎን በትክክል አስተውለዋል። በሌሎች የፍርሃት ዓይነቶች የሚጠቅመው መዝናናት በዚህኛው ሊጎዳ የሚችልበት ግልጽ ምክንያት አለ፤ ከታች በሰፊው የምሄድበትም እርሱ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስና፣ አዎ፣ በሚገባ የሚታከም ችግር ነው፤ እንዲያውም በአእምሮ ጤና ሙያ በአጭር ጊዜ ጥሩ ውጤት ከሚገኝባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

ሁኔታው በሙያው ስፔሲፊክ ፎቢያ ከሚባለው፣ ማለትም ተለይቶ ከሚታወቅ አንድ ነገር ጋር ብቻ ከተያያዘ ብርቱ ፍርሃት የሚመደብ ነው። እንስሳትን፣ ከፍታንና መብረቅን፣ አሳንሰርንና አውሮፕላንን መፍራት እዚሁ ውስጥ ይገባል፤ የእርስዎ ዓይነት ደግሞ የደም፣ የመርፌና የአካል ጉዳት ፎቢያ ተብሎ የራሱ ክፍል ተሰጥቶታል። መርፌ የሚወድ ሰው የለም። ፎቢያ የሚባለው ግን ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜም ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲዘልቅ፣ ሰውየውንም ከሚያስፈልገው ነገር ሲያሸሸው ነው። በአካል ሳላይዎ የምርመራ ውጤት መስጠት ባይገባኝም፣ ሁለት ጊዜ ከበር መመለስዎ ነገሩ ከተራ ፍርሃት እንዳለፈ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ 22 አገሮችን ያካተተ ጥናት በሕይወት ዘመናቸው አንድ ዓይነት ስፔሲፊክ ፎቢያ የገጠማቸው ሰዎች ከመቶ 7.4 እንደሆኑ፣ የሴቶቹም ቁጥር የወንዶቹን እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። በስዊድን በነፍሰ ጡሮች ላይ ብቻ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የደምና የመርፌ ፎቢያን ከመቶ 7 ያህሉ ላይ አግኝቷል። የስዊድንን ቁጥር እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ባይቻልም፣ በክትትል ቀን ወረፋ ከሚጠብቁት እናቶች መካከል እርስዎ ብቻ ነዎት ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ይህን ፎቢያ ከሌሎቹ የሚለየው ሰውን ራሱን እንዲስት ማድረጉ ነው። ውሻ የሚፈራ ሰው ውሻ ሲያይ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ጡንቻው ለሽሽት ይዘጋጃል፤ «ልወድቅ ነው» ብሎ ቢሰጋ እንኳ ግፊቱ ከፍ ስላለ አብዛኛውን ጊዜ አይወድቅም። በደምና በመርፌ ፎቢያ ግን ነገሩ ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ እንደማንኛውም ፍርሃት ልብ ይመታል፣ ግፊትም ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ፣ አንዳንዴ በሴኮንዶች አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሁሉም ይገለበጣል፤ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደሙ ወደ እግርና ወደ ሆድ ዕቃ ያዘነብላል፣ የደም ግፊቱም በድንገት ይወርዳል። ለአንጎል የሚደርሰው ደም ሲያንስ ላቡ፣ ማቅለሽለሹ፣ የጆሮ ጭውታውና የዓይን መጨለሙ ይመጣሉ፤ ቀጥሎ መውደቅ ነው። ይህን ፎቢያ ለረጅም ዓመታት ያጠናው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ዮራን ኧስት ከመረመራቸው የደም ፎቢያ ታካሚዎች 70 በመቶ ያህሉ፣ ከመርፌ ፎቢያ ታካሚዎቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ስተው ያውቁ ነበር። ለነገሩ ይህ ምላሽ ፎቢያ በሌለባቸው ሰዎችም ላይ አልፎ አልፎ ይታያል፤ እኔ ራሴ በተማሪነቴ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ቆሜ ስመለከት ግድግዳ ተደግፌ ቀስ ብዬ ከተቀመጡት አንዱ ነበርኩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ራሱን የሳተ ሰው አንጎሉ ደም ስላነሰው ለጥቂት ሴኮንዶች እጅና እግሩ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህን ያዩ ሰዎች የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር ይይዛሉ፤ ሌሎች ደግሞ «አይዞህ» እያሉ ደግፈው ሊያቆሙት ይታገላሉ። ክብሪቱ ጥቅም የለውም፤ ማቆሙ ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ደሙ ወደ አንጎል እንዳይመለስ ያደርጋል። የሚያስፈልገው ማስተኛትና እግርን ከፍ ማድረግ ነው። እርስዎ ግን አሁን ባሉበት የእርግዝና ወር በጀርባ ከመተኛት ይልቅ በግራ ጎን መተኛት አለብዎት፤ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ማሕፀኑ ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው በጀርባ መተኛት ብቻውን ግፊት ሊያወርድ ይችላል።

ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ የአባትዎን ነገር ማንሳትዎ ተገቢ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ፣ ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ፎቢያ ባላቸው ተጋላጭነት መካከል ካለው ልዩነት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው። የሚወረሰው ፍርሃቱ ራሱ ሳይሆን ለመውደቅ የተመቸ የግፊት ሥርዓት ነው የሚለውን አስተያየት እኔም ወደ እውነት የቀረበ ሆኖ አገኘዋለሁ። የቀረው ድርሻ ከሕይወት የሚመጣ ነው። የሥነ ልቦና ሊቅ የሆነው ስታንሊ ራክማን እ.ኤ.አ. በ1977 ፍርሃት የሚገኝባቸውን ሦስት መንገዶች ለይቶ ነበር፦ በራስ ላይ የደረሰ መጥፎ ገጠመኝ፣ ሌላው ሰው ሲፈራ ማየት፣ እና አስፈሪ ወሬ መስማት። የመጀመሪያውን የእኛ ሰው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ አስቀድሞ ጨርሶታል። ሁለተኛው ከግቢ የሚወጣውን አባት እያዩ ማደግ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ በየቤቱ እንሰማዋለን፤ «ዝም ካላልሽ መርፌ አስወጋሻለሁ» ተብሎ ያልተስፈራራ ልጅ ስንት ነው? ልጁ መርፌ ሳይወጋ በፊት መርፌ ቅጣት መሆኑን ተምሮ ይጨርሳል። ይህ ፎቢያ በአብዛኛው የሚጀምረው በስምንትና በዘጠኝ ዓመት አካባቢ በመሆኑ፣ ብዙ ሰዎች መነሻውን ለይተው ባያስታውሱ አይገርምም፤ ለመዳንም ማስታወሱ ግዴታ አይደለም።

የጀመረው ነገር አንድ ሲሆን እንዲቀጥል የሚያደርገው ሌላ ነው። ከላቦራቶሪው በር ሲመለሱ የተሰማዎትን እፎይታ ያስታውሱ። ያ እፎይታ ለአንጎል ሽልማት ነው፤ «መሸሼ አዳነኝ» የሚለውን ትምህርት ያጸናል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የበሩን መድረክ መርገጥ ይበልጥ ከባድ ይሆናል። መሸሽ የፍርሃት ቀለብ መሆኑን የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲያብራሩት ቆይተዋል። በእርስዎ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ፤ አራቱ የመውደቅ ገጠመኞች ራሳቸው አዲስ ፍርሃት ወልደዋል። ብዙ ታካሚዎቼን ሳነጋግር፣ ከመርፌው ሕመም ይልቅ የሚያስጨንቃቸው በሰው ፊት መውደቁና ተከትሎ የሚመጣው ኀፍረት ሆኖ አገኘዋለሁ። ለባለቤትዎ ያልሆነውን የነገሩበትም ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

አሁን ወደ «ዘና በይ» እንመለስ። መዝናናት ጡንቻን ያላላል፣ የልብ ምትን ያረጋጋል፣ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ውሻ ለሚፈራው ሰው፣ ግፊቱ ወጥቶ ስለሚቸገር፣ ይህ ጥሩ ነው። የእርስዎ ችግር ግን የግፊት መውረድ ነው፤ እየወረደ ያለውን ግፊት ዘና ብለው ይበልጥ ያወርዱታል። «በረጅሙ ተንፍሺ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የፈራ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ይተነፍሳል፤ በዚህም በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ማዞሩ ይጨምራል።

ስለዚህ ሕክምናው ተቃራኒውን ያስተምራል። ኧስት ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሥራ የታወቀው ዘዴ ጡንቻን አውቆ በማጥበቅ የደም ግፊትን ከፍ የማድረግ ልምምድ ነው። ሰውየው ተቀምጦ የክንዶቹን፣ የእግሮቹንና የደረቱን ጡንቻዎች ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ያህል፣ ፊቱ ላይ ሙቀት እስኪሰማው ድረስ ያጠብቃል። ከዚያ ይለቃል፤ አለቃቀቁ ግን ወደ መዝናናት ሳይሆን ወደ ተለመደው ሁኔታ ብቻ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ቆይቶ ይደግማል፤ አምስት ጊዜ ሲሞላ አንድ ዙር ይሆናል። ይህን በቀን አምስት ዙር፣ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ መርፌ በሌለበት በሰላሙ ጊዜ ይለማመዳል። የልምምዱ ዓላማ ሁለት ነው፦ የመጀመሪያው ግፊትን ማንሣት፣ ሁለተኛው ደግሞ የመውደቅን የመጀመሪያ ምልክት ለይቶ ማወቅ። አንዱ ሰው ላብ፣ ሌላው የጆሮ ጭውታ፣ ሌላው የሆድ መረበሽ ይቀድመዋል። ዘዴው የሚሠራው ምልክቱ እንደጀመረ ሲያዝ ነው፤ ዓይን ከጨለመ በኋላ ጊዜው አልፏል።

እርግዝናዎ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሆድዎን ጡንቻ አያጥብቁ፣ እንደ ማማጥ ወደ ታች አይግፉ፣ ትንፋሽዎንም አይያዙ፤ ጡጫዎን፣ ክንዶችዎን፣ ጭኖችዎንና ባትዎን ማጥበቅ ይበቃል። የደም ግፊት ከፍታ፣ የደም መፍሰስ ወይም ያለጊዜው ምጥ የመምጣት ስጋት እንዳለብዎ ተነግሮዎት ከሆነ፣ ልምምዱን ከመጀመርዎ በፊት የሚከታተልዎትን ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ያማክሩ። ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ የተሞከረ ሕክምና መኖሩንም ይወቁት፤ በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሥራ መርፌ የሚፈሩ ነፍሰ ጡሮች በቡድን ሆነው ሁለት ጊዜ ብቻ የሥነ ልቦና ሕክምና ወስደው ፍርሃታቸው ቀንሷል።

ጡንቻ ማጥበቁ መውደቅን ይከላከላል እንጂ ፍርሃቱን ብቻውን አይነቅለውም። ፍርሃቱን የሚነቅለው ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራን ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ቀን በቀን ጥቂት በጥቂት በማቅረብ ፍርሃቱን እንዳስለቀቀችው ጽፋለች። በእርስዎ ሁኔታ ደረጃዎቹ ለምሳሌ የመርፌ ሥዕል ከማየት ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ስሪንጅ በእጅ መያዝ፣ አልኮል በነከረ ጥጥ ክንድን ጠርጎ ሽታውን መልመድ፣ ክንድን በላስቲክ ማሰር፣ ሰው ደም ሲሰጥ በቪዲዮ ማየት፣ ላቦራቶሪው ሄዶ ምንም ሳይሰጡ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ መመለስ፣ ከዚያም የጣት ጫፍ መወጋት፣ በመጨረሻ ከክንድ ደም መስጠት ይሆናሉ። በየደረጃው ፍርሃትዎን ከዜሮ እስከ መቶ ይመዝኑት። ከመጀመርዎ በፊትም ምን ይሆናል ብለው እንደሚፈሩ በወረቀት ይጻፉ፤ «ስሪንጁን ስይዝ ወዲያው እወድቃለሁ» ብለው ከጻፉና ካልወደቁ፣ አንጎልዎ የሚማረው ከዚያ ልዩነት ነው። ፍርሃቱ ዜሮ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፈርተውም መቆየት መቻልዎ ዋናው ትምህርት ነው። ደግሞም የድሮው ፍርሃት ተሰርዞ አይጠፋም፣ አዲስ ትምህርት ይደረብበታል እንጂ፤ ስለዚህ ከወራት በኋላ ፍርሃቱ ድንገት ቢያገረሽ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም፣ ጥቂት ደረጃዎችን መድገም ይበቃል።

ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይወስዳል ለሚለው፣ መጀመሪያ ላይ ዘዴው የሚሰጠው በአምስት ቀጠሮዎች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ንጽጽር ግን በአንድ ረዘም ያለ ቀጠሮ የታከሙትም ከአምስቱ ብዙ ያልራቀ ውጤት አግኝተዋል። የእርስዎ ጊዜ ግን አጭር ነው። የደም ዓይነትዎ፣ የደም ማነስ፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራዎች መዘግየት የለባቸውም። የደም ዓይነትዎ ኔጋቲቭ ሆኖ ከተገኘ ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፤ እርስዎ ወደዚያ እየተቃረቡ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ሳምንት ጡንቻ ማጥበቅን ይለማመዱ፣ ጎን ለጎን ከላይ የጠቀስኳቸውን ቀላል ደረጃዎች ይውጡ፣ ከዚያ ምርመራውን ተኝተው ይስጡ፤ ሙሉ በሙሉ የመዳኑን ሥራ ከወሊድ በኋላም መቀጠል ይቻላል።

ስለ መድኃኒት በአጭሩ ልበል። ለፎቢያ የሚያድን ክኒን የለም። ማረጋጊያ መድኃኒቶች ለአንድ ቀን ያደነዝዙ ይሆናል፣ ነገር ግን መጋፈጡ የሚያስገኘውን ትምህርት ሊያደናቅፉ ይችላሉ፣ በእርግዝና ጊዜም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይወሰዱም። የልብ ምት የሚያዘገዩት መድኃኒቶች ደግሞ ለሚወድቅ ሰው የባሰ ናቸው። ጠበል መጠመቅ ወይም ጸሎት ለሚያጽናናዎት ከዚህ ሕክምና ጋር አይጋጭም፤ ምርመራውን ለማዘግየት ምክንያት እስካልሆነ ድረስ።

አንድ ነገር ግን በአካል መታየት አለበት። ደምና መርፌ በሌለበት፣ በተለይ እየሠሩ ወይም እየተራመዱ ሳሉ ከወደቁ፣ ከመውደቅዎ በፊት ልብዎ ሥርዓት በሌለው ሁኔታ ከመታ፣ ወይም ከነቁ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ግራ ከተጋቡ፣ ነገሩን ሁሉ በፎቢያ ላይ አይለጥፉት፤ የልብና የደም ማነስ ምርመራ ያስፈልጋል።

ብቻዎን መሥራት ከከበደዎት ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ወይም የሥነ አእምሮ ሐኪም ያግኙ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍልም፣ የአማኑኤል ሆስፒታልም አሉ። «አማኑኤል ሄደች» መባልን የሚፈሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እዚያ ከሚታከሙት ብዙዎቹ ግን ቤታቸው ውለው፣ ሥራቸውን ሠርተው፣ ለቀጠሮ ብቻ ብቅ የሚሉ ሰዎች ናቸው።

በምርመራው ቀን ቁርስዎን በልተውና ውኃ በደንብ ጠጥተው ይሂዱ፤ በባዶ ሆድ የሚሰጥ ምርመራ ካለ ግን ለብቻው እንዲታይ ይጠይቁ። ወረፋው ሳይደርስ ለላቦራቶሪ ባለሙያው «ደም ስሰጥ ራሴን እስታለሁ፣ በጎኔ ተኝቼ ልስጥ» ይበሉት፤ ይህ ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። የሚቀዳበትን ክንድ አላልተው የሌላውን ክንድና የእግሮችዎን ጡንቻ ያጥብቁ። ለመጀመሪያው ቀን ፊትዎን ማዞር ይችላሉ፤ በሚቀጥሉት ጊዜያት ቀስ በቀስ ማየት ይለማመዱ። የሚቻል ከሆነ የታዘዙት ምርመራዎች ሁሉ በአንድ ውጊያ እንዲወሰዱ ይጠይቁ። ባለቤትዎ አብሮዎት ቢኖር ጥሩ ነው፤ ለዚህም ከቀጠሮው በፊት እውነቱን መንገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚከብደውን ደረጃ የዘለልኩት መስሎዎት ከሆነ እርሱ ይህ ነው። የባለቤትዎ ሥራም ቀላል ነው፦ «አይዞሽ፣ ዘና በይ» ማለቱን ትቶ «አጥብቂ» ብሎ ማስታወስ ብቻ። መርፌው ከወጣ በኋላ ወዲያው አይነሡ፤ ግፊቱ ዘግይቶ ሊወርድ ስለሚችል አሥር ደቂቃ ያህል ተኝተው ጡንቻዎን እያጠበቁ ይቆዩ፣ ከዚያ ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ቁሙ። ከመውጣትዎም በፊት የሚቀጥለውን የደም ምርመራ ቀን እዚያው ያስይዙ።